ላብ የማያነሳው ሽፋን፦ በድሬዳዋ ሙቀት ሰንስክሪንና ሜካፕ እንዴት እንደሚቀባና እንዴት እንደሚለቅ

ሰንስክሪን ተቀብታችሁ ከላዩ ፋውንዴሽን ስትደርቡ የላጲስ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ፊታችሁ ላይ እየተጠቀለለ ከወጣ፣ «ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ» ብላችሁ ዕቃውን ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ፎርጅድ ገበያው ላይ አለ፤ አልክድም። ግን «ይኸው ተላጠ» ተብሎ ወደ እኔ ከሚመጣው አብዛኛው ዕቃ ደህና ነው። የተበላሸው አቀባቡ ነው፤ ሽፋኑ ሳይደርቅ ተነክቷል።

ድሬዳዋ ውስጥ ሙሽራ ማሰናዳት ሥራዬ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ፊት ላይ እስከ ማታ የሚቆይ ነገር መሥራት ምን እንደሚጠይቅ የተማርኩት በእጄ ነው። ለምን እንደሚሆን የገባኝ ግን የዕቃዎቹን ጀርባ ማንበብ ስጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ቀለለኝ፤ ለእናንተም እንዲቀላችሁ ነው የምጽፈው።

ሽፋኑ ምንድን ነው?

የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ከላይ ስልባቦት ይሠራል። ስስ ነው፣ ወተቱን ይሸፍነዋል፤ ሳይጠና ከነካችሁት ግን ተሸብሽቦ ጣታችሁ ላይ ይጠቀለላል። ፊት ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። የወተቱን ስልባቦት የሚሠራው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ በሰንስክሪን፣ በማስካራ፣ በማይለቅ ሊፒስቲክና በሜካፕ ማጽኛ ስፕሬይ ውስጥ ያለው ግን ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ሰንሰለቶቹ በውሃ፣ በአልኮል ወይም ቶሎ በሚተን ቀላል ዘይት ውስጥ ተበትነው ይንሳፈፋሉ። ፊት ላይ ሲቀባ ፈሳሹ ይተናል፣ ሰንሰለቶቹ ይቀራረባሉ፣ ይጠላለፋሉ፣ አንድ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። እናቶቻችን ፀጉር ለማስተኛት ተልባ ዘፍዝፈው ዝልግልጉን ይቀቡ ነበር። አሠራሩ አንድ ነው፤ የተልባው ሰንሰለት ግን ውሃ ሲነካው ወዲያው ይለቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠላትን በመለየት ነው። «ሙቀቱ አቀለጠው» እንላለን። ሙቀት ግን ፈሳሹን ቶሎ ስለሚያተን ሽፋኑ እንዲጠና ይረዳል እንጂ አይጎዳም። ሽፋኑን የሚያጠፋው ገና ሳይጠና ከሥሩ የሚመጣ ላብ ነው። የጠና ሽፋን ከላይ የሚወርድበትን ውሃ ይችላል፤ እርጥብ ሽፋን ከታች የሚገፋውን ላብ አይችልም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አሠራር ሁሉ ለእነዚያ ጥቂት የመድረቂያ ደቂቃዎች ነው።

መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ

ስሞቹ አስቸጋሪ ቢመስሉም የሚመላለሱት ጥቂቶች ናቸው። «ፒቪፒ» ወይም «ቪፒ/ቪኤ ኮፖሊመር» ካያችሁ ዕቃው የፀጉር ጀል ወይም ስፕሬይ ሊሆን ይችላል። ፒቪፒ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ በኬሚስቱ ቫልተር ሬፐ የተሠራ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደም ለፈሰሰው ወታደር በፕላዝማ ምትክ ይሰጥ ነበር፣ ወደ ፀጉር ስፕሬይ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ይወዳል። ስለዚህ በደረቅ አየር ጥሩ ይይዛል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል አየሩ ሲከብድ ግን እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል። ብዙ ከተቀባ ደግሞ ሲደርቅ ተሰባብሮ ፎሮፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ፀጉር ላይ ይተዋል።

«ቪፒ/ኤይኮሲን ኮፖሊመር» እና «ቪፒ/ሄክሳዴሲን ኮፖሊመር» የዚያው ዘር ናቸው፤ ግን ዘይት ወዳድ ጅራት ተቀጥሎባቸዋል። በዚያ ጅራት የተነሳ ውሃን ይሸሻሉ። «ውሃ ይቋቋማል» የሚል ሰንስክሪን ላይ ፈልጓቸው። «አክሪሌትስ ኮፖሊመር» ማስካራና ኩል ውስጥ፣ ሰንስክሪን ውስጥም በብዛት አለ። «ትራይሜቲልሲሎክሲሲሊኬት» ከ«ኢሶዶዴኬን» ጋር አብሮ ካያችሁት፣ ያ ፋውንዴሽን ወይም ሊፒስቲክ በውሃ እንደማይነሳ ከወዲሁ እወቁ፤ ኢሶዶዴኬኑ ተንኖ ይሄዳል፣ ሲሊኬቱ ተለጥፎ ይቀራል። ልጥ ማስክ (ፊት ላይ ደርቆ የሚላጠው) ውስጥ ያለው «ፖሊቫይኒል አልኮሆል» ነው። ኩቴክስ ውስጥ ያለው «ናይትሮሴሉሎስ» ደግሞ ከእንጨት ወይም ከጥጥ ሴሉሎስ ተነስቶ በኬሚካል የተለወጠ፣ ግማሽ ተክል ግማሽ ፋብሪካ የሆነ ነገር ነው።

ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ትንሹ ይሄዳል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን እንደፈለጉ ሊደረደሩ ይችላሉ። ስለዚህ ፖሊመሩ ወደ መጨረሻው ተጽፎ ስታዩ «ስሙ ብቻ ነው» አትበሉ። ሽፋን ለመሥራት ብዙ አያስፈልግም።

የሻይ ብርጭቆ ሙከራ

አዲስ ዕቃ ስገዛ ሙሽራ ፊት ላይ ከማድረጌ በፊት ይህን እሠራለሁ። ሻጩ የነገረኝን ሳይሆን ይህን ነው የማምነው።

ንጹህ የሻይ ብርጭቆ ገልብጡና ደረቅ ቂጡ ላይ የስንዴ ፍሬ የሚያህል ዕቃ አድርጉ። በጣታችሁ አሳሱት፤ ብርጭቆው ከሥሩ መታየት አለበት። በሦስት ብርጭቆ ላይ እንዲሁ አድርጉና 20 ደቂቃ ተዉት። አትንኩ፣ አትንፉበት።

ከዚያ የመጀመሪያውን በጥፍራችሁ ጠርዙን ጫር አድርጉት። እንደ ስስ ላስቲክ ተያይዞ ከተነሳ የሚለጠጥ ሽፋን አለው፤ ሲስቁና ሲያወሩ ይችላል። እንደ ኖራ ከተፈረፈረ ሽፋኑ ደረቅ ነው፤ አፍና ዓይን ዙሪያ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከ20 ደቂቃ በኋላም የሚጣበቅ ከሆነ ወይ ዘይት በዝቶበታል፣ ወይ የሚጠና ሽፋን የለውም።

እዚያው ብርጭቆ ላይ ያልተጫረው በኩል አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉና አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ በጣታችሁ አሹት። ውሃው ወተት ከመሰለ ላብ ያነሳዋል ማለት ነው። ውሃው ጠርቶ ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ይዟል። ሁለተኛውን ብርጭቆ በሳሙና ውሃ፣ ሦስተኛውን በጥቂት ዘይት አሹ። በየትኛው እንደለቀቀ አስተውሉና ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «ዘይት» ወይም «ሳሙና» ብላችሁ ጻፉ። ማታ ፊታችሁን ስትታጠቡ የሚጠቅማችሁ ይህ ጽሑፍ ነው።

ብርጭቆ ቆዳ አይደለም፤ አያልበውም፣ ወዝም የለውም። ስለዚህ ከዚህ ሙከራ በኋላ የክንዳችሁ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ ሁለት ቀን ማየት አይቅር። ማሳከክ ወይም መቅላት ከመጣ ፊት ላይ አይወጣም።

አቀባቡ

ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡና አድርቁ። ከሻወር እንደወጣችሁ አትጀምሩ፤ ሰውነት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ላቡ አይቆምም። ሩብ ሰዓት ያህል ቬንቲሌተር ሥር ተቀመጡ። እኔ ሙሽራዋን አንገቷ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ አስይዛታለሁ።

የፊት ክሬም ትንሽ ይበቃል። ወዛም ፊት ያላችሁ ጭራሽ ተዉት፤ ሰንስክሪኑ ራሱ ክሬም ነው። ክሬሙ ሳይጠጣ ሰንስክሪን ከተደረበ ሁለቱ ተቀላቅለው ሽፋኑ ቀዳዳ ይበዛበታል።

ሰንስክሪን ላይ ሁለት ነገር የሚጋጭ ይመስላል። ስስ ሽፋን ቶሎ ይጠናል፤ የፀሐይ መከላከያው ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር የሚሰጠው በቂ ሲቀባ ነው። መለኪያው በካሬ ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ሲሆን ለፊትና ለአንገት በግምት ሁለት ጣት ሙሉ ይሆናል። መፍትሔው መቀነስ አይደለም፤ ለሁለት መክፈል ነው። አንዱን ጣት ቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሁለተኛውን በላዩ በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ አኑሩ። አታሹ። ከዚያ 15 ደቂቃ። ማድያት ያለባችሁ እህቶች በተለይ ይህችን 15 ደቂቃ አትስረቋት፤ ለማድያት ከሚከፈለው ብዙ ገንዘብ ይልቅ በደንብ የጠና ሰንስክሪን ይበልጣል።

ፋውንዴሽኑን በርጥብ ስፖንጅ ሳይሆን በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ፣ በመጫን ብቻ አሳርፉ። ብሩሽ ከታች ያለውን ሽፋን ይጎትታል። ግንባርና አፍንጫ ላይ ስስ አድርጉ፤ ላቡ የሚበዛው እዚያ ነው። ሰንስክሪኑ ውሃ የበዛበት፣ ፋውንዴሽኑ ሲሊኮን የበዛበት ሲሆን የመጠበቂያ ደቂቃውን ጨምሩ፤ እነዚህ ሁለቱ እርጥብ ሆነው ከተገናኙ ነው ፍርፋሪው የሚመጣው።

መጨረሻ ላይ ስፕሬይ። ከፊት 30 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ አንድ ዙር ርጩ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ደግሞ አንድ ዙር። ጠብታ ሆኖ ከወረደ ቀርባችኋል። አንድ ነገር በብርቱ እለምናችኋለሁ፦ እነዚህ ስፕሬዮች ብዙዎቹ አልኮል አለባቸው፣ የሙሽራ ክፍል ደግሞ የእጣን ማጨሻ አይጠፋውም። ፍሙ ሳይወጣ አትርጩ።

አንድ ሰኔ ላይ መብራት ጠፍቶብን ቬንቲሌተሩ ቆመ። ደጅ መኪኖቹ ጥሩምባ ይነፋሉ፣ የሙሽራዋ እናት በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ፍጠኚልኝ» ይሉኛል። ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ላቡ እንደ ጤዛ ነጥብ ነጥብ ብሎ ሲወጣ እያየሁ ስፕሬዩን ረጨሁባት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያ ቦታ ደጫቱ ወንዝ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው እንደሚሰነጣጠቀው ተሰነጣጠቀ። ላቡ ከታች ነበር፣ ሽፋኑ ቆዳውን ሳይሆን ላቡን ነው የያዘው። ከዚያ ወዲህ ላብ ካየሁ ሶፍት በስሱ አሳርፌ አደርቀዋለሁ፣ እስኪቆም እጠብቃለሁ፣ ጥሩምባውም ይጠብቃል።

ውጭ የምትውሉ ሰንስክሪን በየሁለት ሰዓቱ መታደስ አለበት። አሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ላይ ውሃ ይቋቋማል ብሎ 40 ወይም 80 ደቂቃ የሚል ይጻፋል፤ ውሃና ላብ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ስታድሱ መጀመሪያ ላቡን በሶፍት አድርቁት፣ ከዚያ በስፖንጅ እየተጫናችሁ ጨምሩ።

ማስለቀቅ

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰዎች ቆዳቸውን የሚጎዱት በመቀባት ሳይሆን በማስለቀቅ ነውና። የማይለቅ ሽፋንን በሳሙናና በሻካራ ፎጣ ማሸት ሽፋኑን ትቶ ቆዳውን ይልጣል። ሽፋኑ የሚለቀው የሚሟሟበትን ነገር ሲያገኝ ነው።

ብርጭቆው «ዘይት» ካለ፣ በደረቅ እጅ በደረቅ ፊት ላይ ዘይት ቀቡ። ውሃ አስቀድማችሁ ከሆነ ዘይቱ ሽፋኑ ጋር አይደርስም። ቤቢ ኦይል ይሠራል። አንድ ደቂቃ ሙሉ በጣት ጫፍ በቀስታ አዙሩት፤ ሜካፑ ከጣታችሁ ሥር መንሸራተት ሲጀምር ይሰማችኋል። በሶፍት ጥረጉና ያኔ ወደ ውሃ ሂዱ። ሽፋኑ እንደ ቱቦ ሽፋሽፍቱን የሚያለብስ ዓይነት ማስካራ ከሆነ ግን ዘይት አይፈልግም። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጥጥ ዓይናችሁ ላይ ለአፍታ አሳርፉት፣ ከዚያ ወደ ታች ሳቡት፤ ትንንሽ ጥቁር ክሮች ሆኖ ይወርዳል። የሽፋሽፍት ፀጉር የረገፈ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ።

የድሬን ውሃ ደግሞ አትርሱ። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና ውስጡን የለበሰውን ነጭ ቅርፊት ተመልከቱ፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። ሳሙና ከዚህ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ገላ ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳችሁ ላይ የሚሰማችሁ መንጣጣት አንዱ ምክንያቱ እሱ ነው። ያ ዝቃጭ ፊት ላይ ካደረ የነገው ሽፋን የሚቀመጠው ቆዳ ላይ ሳይሆን ዝቃጩ ላይ ነው፤ ተላጦም ይነሳል። ሳሙና ያልሆነ ፌስ ዋሽ ተጠቀሙ። ካልሆነ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፤ የኖራው ከፊል ከታች ሲቀር ከላይ ያለውን ቅዱና ፊታችሁን በእሱ ለቅለቅ አድርጉ።

ቃሲል የምትጠቀሙም ብዙ ናችሁ፤ እኔም እወደዋለሁ። ከቁርቁራ ዘር ቅጠል የሚፈጨው ይህ ዱቄት አረፋ የሚሠራው ሳፖኒን ስላለው ነው፤ የፒቪፒንና የቀላል ሰንስክሪንን ሽፋን ያነሳል። ሲሊኬት ያለበትን ግን ብቻውን አይችልም። ዘይት ይቅደም፣ ቃሲል ይከተል። ፊት ላይ ደርቆ ከቆየ በውሃ አርሱት እንጂ ደረቁን አታሹት።

ውዱእና ጥፍር

በኢድ ሰሞን የሚበዛብኝ ጥያቄ ይህ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለምትታጠብ ሴት በውሃ የማይነሳ ፋውንዴሽን ከመምረጥ፣ በውሃና በሳሙና የሚለቅ ሰንስክሪን ይዛ ከእያንዳንዱ ውዱእ በኋላ ማደስ ይቀላታል፤ ከየሁለት ሰዓቱ ማደሻ ጋርም ይገጥማል። ኩቴክስ ጥፍሩን የሚለብስ ሽፋን ነው፤ ተራው ኩቴክስ ውሃ ወደ ጥፍር እንዳይደርስ ያደርጋል። «አየር ያስገባል» ተብሎ የሚሸጠውን በተመለከተ ብያኔው የሼሆቹ ነው፤ እነሱን ጠይቁ። ሂና ግን ሽፋን አይደለም። ቀለሙ ጥፍሩና ቆዳው ውስጥ ገብቶ ከፕሮቲኑ ጋር ይያያዛል፣ ከላይ የሚለብሰው ነገር የለም። ስለዚህ አሴቶን ኩቴክስን አሟሙቶ ሲያነሳ ሂናን ምንም አያደርገውም።

የሚያሳክክ ከሆነ

ፖሊመር ትልቅ ሞለኪውል በመሆኑ ጤነኛ ቆዳ አልፎ አይገባም። ይህ ማለት ግን ማንንም አያስቆጣም ማለት አይደለም። የዓይን ቆብ ካበጠና ካሳከከ ከዓይን ሜካፑ በፊት ጥፍራችሁን ተመልከቱ፤ በአንዳንድ ኩቴክስ ውስጥ ያለው ቶሲላማይድ ፎርማልዲሃይድ ሬዚን አለርጂው ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥፍሩ በሚነካው ፊትና አንገት ላይ ነው።

«አክሪሌት አለርጂ ያመጣል» ሲባል ሰምታችሁ ሰንስክሪናችሁን የጣላችሁ ካላችሁ ልዩነቱን ያዙ። አለርጂ በማምጣት የሚታወቁት ገና ወደ ሰንሰለት ያልተያያዙት ትንንሽ ሞለኪውሎች፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ጥፍርና ጀል ኩቴክስ በመብራት ከመድረቁ በፊት ያለው ፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሲቀር ሰውነት ይለየዋል፣ አንዴ ከለየው ደግሞ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ ተመሳሳይ ነገር የጥርስ ሙሌት ውስጥ ስላለ ለጥርስ ሕክምናም ችግር ሊሆን ይችላል። ጥፍር የምትሠሩ ልጆች፣ ጓንት አድርጉ፤ ከደንበኛችሁም ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ከመብራቱ በፊት ጥረጉ።

ኮላና ከሰል ቀላቅሎ ፊት ላይ ማድረግን ደግሞ ተዉልኝ። ነጩ ኮላ በአብዛኛው ፖሊቫይኒል አሲቴት ነው፤ ልጥ ማስክ ውስጥ ያለው ፖሊቫይኒል አልኮሆል ነው። ስማቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደሉም፤ ኮላው የተሠራው ለወረቀትና ለእንጨት ነው። አንዲት ልጅ ስትልጠው የጉንጯ ቆዳ አብሮ ተነስቶ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ሳትወጣ ስትቀመጥ አይቻለሁ። የገዛችሁት ልጥ ማስክ እንኳ ቢሆን ቅንድብና ፀጉር መስመር አታስነኩት፤ የተላጠውንም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ክተቱት እንጂ በውሃ አትልቀቁት።

ዕቃውን ስለማኖር

ባጃጅ ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ የዋለ ሰንስክሪን ውሃውና ዘይቱ ይለያያል፤ ከተለያየ አራግፎ መቀባት አይመልሰውም፣ ሽፋኑ ወጥ አይሆንም። የወፈረን ማስካራ በውሃ ማቅጠንም እንዲሁ፤ ሽፋኑን ያበላሻል፣ ጀርምም ያስገባል። ከሱቅ ስትገዙ ከደጅ የተደረደረውን ሳይሆን ከውስጥ መደርደሪያ ያለውን ለምኑ።

ሐረር ለሰርግ የምትወጡ ደግሞ አየሩ ስለቀዘቀዘ ሰንስክሪኑን አትቀንሱ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር የፀሐዩ ጨረር ይበረታል። ቅዝቃዜው ሽፋኑን ስለሚያዘገየው መጠበቂያውን በጥቂት ደቂቃ አርዝሙ። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ የቱቦዎቹን ክዳን ስትከፍቱ በሶፍት ያዙት፤ የድሬ አየር ታሽጎበት ስለመጣ ፋውንዴሽኑ ተስፈንጥሮ የሙሽራዋ ቬሎ ላይ ሊያርፍ ይችላል።